ከወንዝ ዳር ባመጣሁት አፈር የሠራኋቸው ቅርፆች እየተፈረፈሩብኝ ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ቅርፆቼን የምሠራው ራሴ ከወንዝ ዳር ቆፍሬ በማመጣው የሸክላ አፈር ነው። የደረቀ የተክል ፍሬ፣ እንጉዳይና የዛፍ ቅርፊት እያየሁ ነው የማበጀው። እውነተኛውን ቅርፊትም ጭቃው ላይ ተጭኜ አሻራውን አስቀርበታለሁ።

ከእቶን ሲወጡ በጣም ያምራሉ። አንድ ስንጥቅ እንኳ የለባቸውም። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ግን ከላያቸው ላይ ትንሽ ቅራፊ ብድግ ይልና ይወድቃል። ከሥሩ ነጭ ነጥብ አለ። ሁለት ወር የደከምኩበት ትልቁ እንጉዳይ ትናንት ጠርዙ ተገመሰ። ከልቤ አዘንኩ።

ጥሬው አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሳደርግ አረፋ ያወጣል። ስለዚህ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ እንዳለበት ገብቶኛል። ሲተኮስ ኖራ ይሆናል፤ ከዚያ የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ያብጥና ሸክላውን ይገፋዋል። የምተኩሰው በ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

አፈሩን በውሃ በጥብጬ አጥልዬዋለሁ። ግን ወንፊቱ የወጥ ቤት ነው፣ ቀዳዳው ሰፋ ይላል። ምን ያህል ደቃቅ ወንፊት ያስፈልገኛል? ሌላ ሸክላ ግዛ ግን እንዳትሉኝ። የዚህን አፈር ቀለም እወደዋለሁ፤ ሲተኮስ የወደቀ ቅጠል ይመስላል።

ከሁሉ በላይ የጨነቀኝ የተተኮሱት አምስቱ ናቸው። ሸክላ ከእቶን እንደወጣ ውሃ ውስጥ ቢነከር ኖራው ሳይገፋ ይሟሟል ሲባል ሰምቻለሁ። እንደገና ተኩሼ ልንከራቸው? የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ለስንት ሰዓት ነከራችሁ? ቀጭን ጠርዝ ያለውስ ይችለዋል?