ስተርሊንግ ሞተሬ ሦስት ደቂቃ ዞሮ ይቆማል፤ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ወይስ የአሠራር ችግር?

ፒያሳ ቶርኖ
ሰላም ወገኖች። ቤት ባለችኝ ትንሽ ቶርኖ ጋማ ዓይነት (ሁለት ሲሊንደር ያለው) ስተርሊንግ ሞተር፣ ማለትም ውስጡ የታሸገ አየር ከውጭ በእሳት እየሞቀና እየቀዘቀዘ የሚያዞረው ሞተር ሠርቻለሁ። ይነሳል፣ ግን አይዘልቅም። በስፒሪት መብራት ለሁለት ደቂቃ ካሞቅኩት በኋላ ቮላኖውን (ከባዱን መንኮራኩር) በጣት ስገፋው ደከም ብሎ ይዞራል፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እየቀነሰ ሄዶ ቀጥ ይላል። ያኔ ቀዝቃዛ መሆን የሚገባው ወገን በእጅ አይነካም።

ልኩ እንዲህ ነው። ሙቁ ቱቦ ነሐስ፣ ውጩ 25 ሚሊ፣ ውስጡ 22፣ ርዝመቱ 60። ዲስፕሌሰሩ (አየሩን በሙቁና በቀዝቃዛው ወገን መካከል የሚያመላልሰው) ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ስፋቱ 21፣ ምቱ (የሚመላለስበት ርቀት) 18። ፒስቶኑም ሲሊንደሩም ጊዛ (ቀልጦ የተቀዳ ብረት)፣ ስፋቱ 16፣ ምቱም 16። አክስሉ በሁለት 608 ኩሽኔታ ላይ ይዞራል። ሁለቱ ክራንኮች በ90 ዲግሪ ይለያያሉ። ፕላኑ የሙቁን ቱቦ ስቴንለስ ይላል፤ ነሐስ ለመቁረጥ ስለሚቀል በእሱ ተካሁት።

ጥያቄዬ፦ አየሩ ሳስቶ ይሆን? የፒስቶኑን ምት ወደ 20 ባረዝመው ይሻላል? ወይስ ክራንኩን በተቃራኒው አቅጣጫ ላዙረው?

ቮላኖ
ከፍታው ይጎዳሃል እንጂ አያቆምህም። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። አየር ሳይሞላበት በተራ አየር የሚሠራ ስተርሊንግ ጉልበቱ ከውስጡ አየር ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሩቡን አጥተሃል። ሰበቃው ግን በከፍታ አይቀንስም። ጅቡቲ ላይ ቢሆን ችላ የሚባል ሰበቃ እዚህ ሞተሩን ይይዘዋል።

ምቱን በፍጹም አታርዝመው። አየሩ ሲሞቅ በስንት እጅ እንደሚጨምር የሚወስነው የሙቁና የቀዝቃዛው ልዩነት ነው፤ ያ ደግሞ ቆላም ደጋም አንድ ነው። ምቱ ሲረዝም አየሩ መግፋቱን ጨርሶ ፒስቶኑ ገና ይጓዛል፣ የቀረውን መንገድ ቮላኖው ነው የሚጎትተው። ሒሳብህን ሠርቼዋለሁ፤ ዲስፕሌሰሩ 6.2 ሲሲ፣ ፒስቶኑ 3.2 ሲሲ ያንቀሳቅሳሉ። ጥሩ ነው፣ ተወው። መቀየር ካማረህ ወደ 13 ወይም 14 አሳጥረው።

ክራንኩን ብታዞረው ሞተሩ በሌላ አቅጣጫ ይዞራል፣ ሌላ ትርፍ የለውም።

608ቱን ግን አውጣቸው። የጎማ ክዳናቸው ይከረክራል፣ ውስጣቸውም ወፍራም ግሪስ ነው። 624 አግኝ፤ ውስጡ 4፣ ውጩ 13፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ነው። ካላገኘህ ያሉህን ክዳናቸውን በመርፌ ጫፍ አንሳና ግሪሱን በቤንዚን አጥበህ አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አድርግባቸው። ከዚያ ፒስቶኑን ከክራንኩ ፈትተህ ዲስፕሌሰሩ ብቻ እንደተያያዘ ቮላኖውን ግፋው። አሥር ዙር ያህል ሳይዞር የሚቆም ከሆነ እሳት አታባክን፤ የሚይዘውን ቦታ ፈልግ።

ማይክሮን
ቮላኖ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ዞሮ የሚቆምበት ምክንያት ግን ነሐሱ ነው። ሰበቃ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም አይዞርም ነበር። ይህ ዞሮ ዞሮ የሞተው ቀዝቃዛው ወገን ስለሞቀ ነው።

አስላው። ነሐስ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 110 ገደማ ነው፣ ስቴንለስ 15 ገደማ። በአንተ ቱቦ፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሆኖ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል የ300 ዲግሪ ልዩነት ለማቆየት 60 ዋት በግድግዳው በኩል ወደ ቀዝቃዛው ወገን ያልፋል። ትንሽ የስፒሪት መብራት ይህን አይችልም፤ ልዩነቱ ሳይፈጠር ይጠፋል። ግድግዳው 0.4 ሚሊ በሆነ ስቴንለስ ግን የሚያልፈው 2 ዋት ብቻ ነው።

የደረጃ ሀንድሬል የሚሠሩ ቤቶች 25 ሚሊ የስቴንለስ ቱቦ ቁራጭ አያጡም። ግድግዳው 1 ሚሊ የሆነውን ምረጥ። ውስጡ 23 ስለሚሆን በዲስፕሌሰሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከግማሽ ወደ 1 ሚሊ ይሰፋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አዲስ ዲስፕሌሰር ሥራ። 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው ክዳንና 3 ሚሊ ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰር ጠርዝ) እዚያው በአርጎን አስበይድ። ብየዳው ቱቦውን ስለሚያጣምም መጀመሪያ ብየዳ፣ ቶርኖ በኋላ። ውሃ ውስጥ ነክረህ በአፍ ንፋበት፤ አረፋ ካየህ መልሰው።

ግድግዳውን ከ1 ወደ 0.4 ሚሊ ስታሳሳው ውስጡ ልክክ ብሎ የሚገባ የአሉሚኒየም ማንድረል (ደጋፊ ዘንግ) ክተት፤ ቹኩ (የቶርኖው መያዣ) የሚይዘው ማንድረሉን ነው፣ ከክዳኑ በኩል በሴንተር ደግፈው። ያለ ማንድረል ቀጭን ግድግዳ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ይጨማደዳል። በኤችኤስኤስ (በተራው የብረት) መቁረጫ በደቂቃ ከ250 ዙር አትለፍ። መቁረጫው ሳይቆርጥ እንዲያሽ አትፍቀድለት፤ ስቴንለስ ከታሸ ይጠነክራል፣ ቀጥሎ መቁረጫህን ይበላዋል። በፍላንጁ በኩል 8 ሚሊ ሳትነካ ተው።

በፍላንጁና በቀዝቃዛው ወገን አሉሚኒየም መካከል ጋራዦች የሚቆርጡትን 1 ሚሊ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አድርግ፣ ብሎኖቹም ስቴንለስ ይሁኑ።

ሁለት ነገር ንገረኝ። ዲስፕሌሰሩ በስታኞ (በቀላሉ በሚቀልጥ መበየጃ) ነው የተያያዘው? የፒስቶኑና የሲሊንደሩ ልክ በማይክሮሜትር ስንት ነው?

ፒያሳ ቶርኖ
ጋሼ ማይክሮን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሀንድሬሉን ነገ አፈላልጋለሁ። በስታኞ የተያያዘው በቀዝቃዛው ጫፍ በኩል ነው፤ ሙቁ ጫፍ መገጣጠሚያ የለውም። ሲሊንደሩ 16.00፣ ፒስቶኑ 15.95 ነው። አንዱን ጫፍ በአውራ ጣት ደፍኜ ሳቆመው ፒስቶኑ ወዲያው ዱብ ይላል። ወፍራም ዘይት ቢቀባ ይዘጋው ይሆን?

ማይክሮን
ስታኞው ባለበት ይቆይ፤ 190 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ሙቁ ጫፍ ላይ ቢሆን ይለቅ ነበር።

ዘይት አትቀባ። ይዘጋዋል፣ ግን ያን ያነሰ ጉልበትህን ራሱ ይበላዋል። ፒስቶኑ ነው የሚለወጠው። 0.05 ክፍተት ብዙ ነው፣ የምትፈልገው ከ0.01 እስከ 0.02 ነው። የሚያመልጠው አየር ከክፍተቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ክፍተቱ በግማሽ ሲጠብብ ማምለጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከ0.05 ወደ 0.015 ብታመጣው ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይቀንሳል።

አዲሱን ጊዛ እስከ 16.01 ቁረጥ፣ የቀረውን በተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቀለበትና በብረት ማጽጃ ክሬም እያሸህ አውርደው። በራሱ ሲሊንደር ውስጥ አታሸው፤ ሁለቱም ይበላሉ፣ አፉም ይሰፋል። የቫልቭ መሳያ ፓስታም ለዚህ ሥራ ሻካራ ነው። ልክ ሲሆን በአውራ ጣት ደፍነህ ስታቆመው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ጣትህን ስታነሳ ሳይነካካ ይወድቃል። ሁለቱንም ካላሟላ አልደረሰም። ፒስቶኑ የሚሄደው ያለ ዘይት ደረቁን ነው።

ምናለሽ ተራ
የዲስፕሌሰሩ ዘንግ ያልተነሳ ስለሆነ ልጨምር። ከአሮጌ ሲዲ ሮም ውስጥ ሌዘሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ዘንጎች አውጣ፤ አብዛኞቹ 3 ሚሊ ገደማ ናቸው፣ ከፋብሪካ የተሞረዱና የተወለወሉ ስለሆኑ በቶርኖ ከምታወጣው ይሻላሉ። መርካቶ ምናለሽ ተራ የተበላሸ ኤሌክትሮኒክስ ከሚፈቱት ጋር ጠይቅ። ማይክሮሜትርህን ይዘህ ሂድ፣ ዘንጉን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ እያንከባለልክ ቀጥ ማለቱን እይ። የሚያልፍበትን የነሐስ መሪ ቢያንስ 20 ሚሊ አስረዝመው፤ አጭር ከሆነ ዲስፕሌሰሩ አንገቱን ደፍቶ ግድግዳውን ይነካል፣ ከውጭ ሲታይ ግን የኩሽኔታ ችግር ይመስላል። አዲሱን ቱቦ ስታስገባም ብየዳው ወደ ውስጥ ያወጣው እብጠት ዲስፕሌሰሩን እንዳይመታው በምቱ መጨረሻ 1 ሚሊ ተውለት።

በቤንዚን ያጠብከው ሁሉ ሳይደርቅ መብራቱን አትለኩስ። የስፒሪት ነበልባል በቀን ብርሃን በደንብ ስለማይታይ ጠፍቷል ብለህ እጅህን ከማስገባትህ በፊት ክዳኑን ድፋበት።