ሕፃኑ ሞቶ ሲወለድ ቤተሰብ «ለእናትየዋ አትንገሯት» ካለ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ አዋላጅ ነርስ፣ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ
ሰላም ለሁላችሁ። በከተማው ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ የአራሶች ማረፊያ አንድ ክፍል ነው፤ ልጅ የሞተባት እናት ገንፎ ከሚቀርብላት፣ እልል ከሚባልላት አራስ አጠገብ ትተኛለች። ቤተሰብ ደግሞ «ደክሟታል፣ ቤት ስትገባ እናረዳታለን» ብሎ ሕፃኑን ይዞ ለመሄድ ይቸኩላል። ማን፣ መቼ ይንገራት? ልጇን ታየው ወይስ ይቅርባት? ጡቷ ሲሞላስ?

መልስ፦ የማዋለጃ ክፍል አስተባባሪ
መርዶን አዘግይቶ ማርዳት ለሩቅ ዘመድ ሞት ደግ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን አይሆንም። ልጁ አለማልቀሱን እሷ ራሷ ሰምታለች። ዝም ስትሏት የምትይዘው ጥርጣሬ ነው፣ ኋላም ማንንም አታምንም። ቤተሰቡን ለብቻ ጠርታችሁ «ልደብቃት አልችልም፣ እናንተ ግን አጠገቧ ሁኑ» በሏቸው።

ገና ካልወለደች ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፌቶስኮፕ (ሆድ ላይ ተደርጎ የፅንሱ ልብ ምት የሚደመጥበት መሣሪያ) የልብ ምት መታጣቱ ብቻውን ሞትን አያረጋግጥም፤ የሕፃኑ አቀማመጥ ወይም የእናትየዋ ውፍረት ሊሰውረው ይችላል። «የልብ ምቱን ማግኘት አልቻልኩም፣ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት» ብላችሁ ሪፈር ጻፉ። ሲረጋገጥ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ «በጣም አዝናለሁ፣ ልጅሽ ሞቷል» በሉ፤ ከዚያ ዝም በሉና ታልቅስ። «ሌላ ትወልጃለሽ»፣ «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» የሚሉት ቃላት ይቅሩ።

ልጇን ማየት ካልፈለገች አታስገድዱ፣ ግን ቆይታችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው እንቢታ ብዙ ጊዜ ከድንጋጤ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት የምታየውን ንገሯት፤ «ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ሆዱ ላይ ቆዳው ተልጧል» በሉ። ማህፀን ውስጥ የቆየ ሕፃን ቆዳው በቀላሉ ስለሚገፈፍ አትሹት፤ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ ከሥር አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ አለዚያ ጨርቁ ይጣበቃል። ከፈቀደች የእግሩን አሻራ ያዙላት፤ የማኅተም ቀለም ስስ አድርጎ ቀብቶ ከተረከዝ ወደ ጣት ወፍራም ወረቀት ላይ ማሳረፍ ነው። ቆዳው የተላጠ ከሆነ ቀለሙ ይቅርና የእግሩን ዙሪያ በእርሳስ ሳሉላት። ፎቶ በራሳቸው ስልክ ብቻ።

መልስ፦ የድህረ ወሊድ ነርስ
የጡቱን ነገር ልጨምር። ወተቱ የሚሞላው ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ቤቷ ናት። ሳትወጣ ካልተነገራት ትደነግጣለች። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ ቀንም ሌሊትም ታድርግ። በነጠላ ጠፍሮ ማሰር ግን ወተቱን አቁሮ ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። ቀዝቃዛ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ (በቀን ከ4 ግራም አይለፍ)። ሲወጠርባት ሕመሙ እስኪቀል ያህል ብቻ በእጇ ትለበው፤ አሟጥጣ ካለበችው ይበልጥ ይመረታል። ወተት የሚያስቆመው መድኃኒት ካበርጎሊን 1 ሚሊግራም አንዴ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ የደም ግፊት ወይም ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ላለባት ግን አይሆንም። ጡቷ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ወዲያው ትመለስ። የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጌቲቭ (ለምሳሌ ኦ ኔጌቲቭ) ከሆነ የአንቲ ዲው፣ ማለትም ቀጣዩን ፅንስ ከእናቱ ደም ጋር ካለመስማማት የሚጠብቀው መርፌ፣ 72 ሰዓት እንዳያልፍ፤ በሐዘኑ መሀል ይረሳል።

መልስ፦ ጤና ኤክስቴንሽን፣ ኮዬ ፈጬ
እባካችሁ፣ እናትየዋ ከፈቀደች እኛ ጋ ደውሉልን። ሳናውቅ ለድህረ ወሊድ ጉብኝት ሄደን «ሕፃኑ የታለ?» እንላለን። ካርዷ ፊት ላይም ምልክት ይደረግ፣ ክትባት ክፍል እንዳትጠየቅ። ስለማታጠባ ከ3 ሳምንት በኋላ ልታረግዝ ትችላለች፤ የቤተሰብ ምጣኔውን ከመውጣቷ በፊት በእርጋታ አንሱላት፣ ባልየውም ባለበት። እሱንም «አንተስ እንዴት ነህ?» በሉት፤ ለቀብር እየሮጠ ማንም አይጠይቀውም።