ኤኤ ስብሰባ ለመሄድ ፈራሁ፤ የምታውቁ ምከሩኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 41 ዓመቴ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ዲሲ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፤ ማታ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ። ቮድካ ሳልይዝ ቤት የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ትርፍ ጎማው ሥር ሦስት ባዶ ጠርሙስ አገኘች። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ደርድራቸው ገብታ ተኛች።

ማቆም እፈልጋለሁ። ጠጪዎች መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱበት ኤኤ የሚባል ስብሰባ እንዳለ ሰምቻለሁ። ግን እንግሊዝኛዬ ለሥራ እንጂ የሆዴን ለማውራት አይበቃም። እዚያ ሐበሻ ካጋጠመኝ ገመናዬ ዕድር ድረስ ይደርሳል። ደግሞ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የሚሰበሰቡት የሌላ እምነት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው ይባላል። እንዴት ነው የሚጀመረው?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ከስብሰባው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል? ያልብሃል? እስክትቀምስ ድረስ እረፍት ታጣለህ? እንደዚያ ከሆነ በራስህ ድንገት እንዳታቆም፣ እለምንሃለሁ። ብዙ ዓመት በየቀኑ የጠጣ ሰውነት በአንዴ ሲከለከል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት አለ፤ ሰው ይሞትበታል። እንዲህ ያለ ነገር ካየህ ወዲያው 911 ደውል።

ሐኪም ዘንድ ከሄድክ ግን ለጥቂት ቀን የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሰጥቶ በሰላም ያሳልፍሃል። አምሮቱን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። ምን ያህል እንደምትጠጣ አሳንሰህ ሳይሆን እንዳለ ንገረው። ሆስፒታል ስትገባ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በል፤ ክፍያ የለውም፣ መብትህ ነው። የት እንደምትሄድ ግራ ከገባህ 1-800-662-4357 ደውል፤ ነፃ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ካቆምኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሚቲንግ ጋይድ የሚባለውን አፕ ስልክህ ላይ ጫን፤ አካባቢህ ያሉትን ስብሰባዎች ከነሰዓቱ ያወጣልሃል። «ክፍት» የሚለው ለማንም ነው፣ ሚስትህም አብራህ መግባት ትችላለች። «ዝግ» የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ምዝገባ የለም፣ መታወቂያ የሚጠይቅህ የለም። ቅርጫት ሲዞር ሰው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል፤ አንተ እንግዳ ስለሆንክ ዝም ብለህ አሳልፈው።

አንድ ሰዓት ያህል ነው። ተራው ሲደርስህ ስምህን ብቻ ተናገርና «ዛሬ ላዳምጥ» በላቸው፤ ማንም አይጫንህም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ አልተናገርኩም። ንግግራቸው ግማሹ ያመልጠኝ ነበር፤ ግን አንዱ ጠርሙሱን የልጁ መጫወቻ ሣጥን ውስጥ እንደደበቀ ሲናገር አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ሐበሻ ያልከውን በተመለከተ፣ አዎ፣ እኔ አንድ አገኘሁ። አብረን የምናስቀድስ ሰው ነበር! ሁለታችንም ደነገጥን። ግን እሱም ለዚያው ነው የመጣው፤ እኔ ገመናውን እንደያዝኩለት እሱም የእኔን ይዞልኛል። እዚያ የሰማኸው እዚያው ይቀራል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1935 በሁለት ጠጪዎች ከተጀመረ ወዲህ ማኅበሩ የቆመበት ነገር ነው።

ወለተ ማርያም፦ ጠበል እያለ እዚያ መሄድ ምን ያደርጋል? ወንድሜ፣ ንስሐ አባትህን አማክር።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እህቴ፣ እኔም ተጠምቄያለሁ፣ አሁንም እጠመቃለሁ። ንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ሂድ፣ ጾምህንና ጸሎትህን ግን አትተው» ነው ያሉኝ። ምድር ቤቱ ኪራይ ነው እንጂ ስብሰባው የዚያ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። እግዚአብሔር ይሉታል፣ ግን እያንዳንዱ እንደሚረዳው ነው። ከጠበል ስመለስ የከበደኝ ሠርጉና ለቅሶው ነው፤ «በሞቴ አንድ ብቻ» የሚልህ ዘመድ አይጠፋም። ያኔ የምደውልለት ሰው ያገኘሁት ስብሰባው ውስጥ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ሚስት ነኝ፤ ጠርሙሶቹን ደርድራ ተኛች ስትል አለቀስኩ። አልጮኸችም ማለት አልተጎዳችም ማለት አይደለም፤ ደክሟታል። ለጠጪ ቤተሰብ አል-አኖን የሚባል የራሳችን ስብሰባ አለ። ጠርሙስ መፈለግ፣ ዋሌት መፈተሽ፣ ለአለቃው «ታሟል» ብሎ መዋሸት እንዳቆም የረዳኝ እሱ ነው። ሂጂ ብለህ አትጫናት፤ እንዳለ ብቻ ንገራት።

ጠያቂ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሲስተር፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ በአስተርጓሚ በኩል ስንት እንደምጠጣ ስናገር አፈርኩ፣ ግን እውነቱን ተናገርኩ። መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፤ አሁንም እየተከታተለኝ ነው።

ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያለ ክፍት ስብሰባ አገኘሁ፤ ልክ መጠጥ መሸጫው በር ላይ የምቆምበት ሰዓት ነው። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ቡና ቀዳልኝ፤ እጄን አይቶ ነው መሰለኝ ኩባያውን ግማሽ ብቻ ሞላው። «ዛሬ ላዳምጥ» አልኩ። ስወጣ ስልካቸውን የጻፉበት ወረቀት ሰጡኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነው። ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነው፣ ድግስ አለ። ከአሌክሳንድሪያ፣ ሳልሄድ ነው የምደውለው ወይስ እዚያ ሆኜ?

ከአሌክሳንድሪያ፦ ሳትሄድም፣ እዚያም ሆነህ፣ ስትመለስም። መኪናህን በር ዘግተው እንዳይቆሙብህ ዳር ላይ አቁም፤ ከከበደህ ምሳ በልተህ ውጣ። ባለቤትህ ቀድማ ትወቅ።