«ሴቷ እቤቷ ነበረች» የሚሉን የትኛዋን ሴት ነው?

ፈታይዋ፦ ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ እንግዳ «በ1850ዎቹ እንግሊዝ አገር ወንዱ ይሠራል፣ ሴቷ እቤቷ ነበረች፤ ያበላሸን ዘመኑ ነው» አለ። አዘጋጁ ዝም ብሎ አሳለፈው። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። የትኛዋ ሴት ናት እቤቷ የነበረችው? ፕሬስተንን ውሰዱ፣ የላንክሻየር የጥጥ ከተማ። እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1851 ሕዝብ ሲቆጠር ወደ 70 ሺህ ነዋሪ ነበራት። የሽመና አዳራሹ ሴትና ልጃገረድ ነው የሞላው። ጥጥ በሚባዘትበት ክፍል ብናኙን ስትስብ የምትውለውም ሴት ናት።

የድሮው ሰው፦ ልጄ፣ አታካብጂው። ፋብሪካ የገቡት አብዛኞቹ ያላገቡ ናቸው። ደግሞ እንግሊዝ ሁሉ ፕሬስተን አይደለም። ከባዱን የተሸከመው ወንዱ ነው፤ ከሰሉን፣ ብረቱን፣ ግንባታውን። መፍተሉ እንኳ በወንድ እጅ የነበረው ማሽኑ ጉልበት ስለሚፈልግ ነው።

የሽሮሜዳው ልጅ፦ ጋሼ፣ «ጉልበት ስለሚፈልግ» ያሉት ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ሸማኔ ነው፣ እናቴ ፈታይ ናት። ሰፈራችን ወንድ እንዝርት ሲያሾር አይቼ አላውቅም። መሸመን የወንድ፣ መፍተል የሴት ነው ተብሎ ነው ያደግነው። እነሱ ጋ ደግሞ ዋናው ፈታይ ወንድ፣ በእንፋሎት የሚሠራው መሸመኛ ላይ ሴት። የሚገርመው ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት እነሱም እንደኛ ነበሩ። ሴቷ እቤት ትፈትላለች፣ ባልየው በእጁ ይሸምናል። ታዲያ ጉልበቱ የት ሄዶ ነው ሥራው የተገለበጠው?

የድሮው ሰው፦ የእናትህ እንዝርትና የእነሱ ማሽን አንድ ነው እንዴ? ሚዩል የሚባለው መፍተያ በአንድ ሰረገላ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር እንዝርት ነው የሚይዘው። ሰውየው ያንን እየገፋና እየሳበ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። በሙቀት፣ ባዶ እግሩን፣ ዘይት በጠጣ ወለል ላይ። አክብሩት እንጂ!

ፈታይዋ፦ እናከብረዋለን። ግን ሪቻርድ ሮበርትስ በ1825 እና በ1830 የፈጠራ መብት ያወጣበት ሚዩል በራሱ ነው የሚሄደው። የሚገፋው እንፋሎት ነው። ጉልበቱን ማሽኑ ወሰደው፣ ሥራው ግን ከወንዱ እጅ አልወጣም። ለምን? የፈታዮቹ ማኅበር ሴት አላስገባም ስላለ ነው። ክር የሚቀጥሉትን ልጆች የሚያዘውና ደሞዛቸውን የሚከፍለውም ፈታዩ ራሱ ነበር። ያ ወንበር ነው ጋሼ፣ ጉልበት አይደለም።

ማንቸስተር ያለሁት፦ እዚህ ሙዚየም ውስጥ አንድ አሮጌ መሸመኛ ሲያስነሱ ቆሜ አይቻለሁ። አንዱ ብቻ ሲነሳ አጠገቤ ያለው ሰው የሚለኝ አይሰማኝም። ያኔ በመቶ የሚቆጠሩ ባንድ አዳራሽ! ለዚህ ነው ሸማኔዎቹ በከንፈር እንቅስቃሴ መግባባት የለመዱት። አንዷ ሴት ሁለትም ሦስትም ማሽን ትጠብቃለች። ማግ ባለቀ ቁጥር አዲሱን ክር በመወርወሪያው ቀዳዳ በአፏ ስባ ታወጣዋለች። ሌላዋ በአፏ የሳበችበትን መወርወሪያ እሷም ትስባለች፤ ዘይቱንም ብናኙንም። ሂሳቡ በሸመኑት ልክ ስለነበር በአንድ ዓይነት ጨርቅ ወንዱም ሴቷም ዋጋቸው እኩል ነው። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው ይሄ።

ፈታይዋ፦ ያገባች ከሆነች ግን ደሞዟ በሕግ የባሏ ነበር። የራሷ ነው የሚል ሕግ የወጣው በ1870 ነው። እሱንም እንጨምርበት።

የድሮው ሰው፦ እሺ፣ እናንተ ደግሞ ልጁን ረሳችሁት። እናት ስትወጣ ጨቅላው ለጎረቤት አሮጊት ይሰጣል። እንዳያለቅስ ኦፒየም ያለበት ሽሮፕ ያጠጡት ነበር። ከ8 ዓመቱ ጀምሮ ደግሞ ግማሽ ቀን ፋብሪካ፣ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት። ይሄ ነው ነፃነት የምትሉት?

ፈታይዋ፦ ነፃነት ነው ያለ ማን ነው? እኔ ሠርታለች ነው ያልኩት። ያቺ አሮጊትም ሠርታለች። ልጅ ካልጠበቀች እናትየው አትወጣም። ከባል ጋር ከሚኖሩት የፕሬስተን ሚስቶች ወደ ሩቡ ደሞዝተኞች ነበሩ። የ1851 ቆጠራ ደግሞ የጫማ ሰፊ ሚስት፣ የሥጋ ሻጭ ሚስት፣ የገበሬ ሚስት እያለ ራሱን የቻለ መደብ ሰጥቷቸዋል፤ ከባላቸው ጋር እንደሚሠሩ ያውቁ ነበርና። በ1881 የቤት እመቤቷን ሥራ ከሌላቸው ጋር ደመሯት። ሴትየዋ ያው ናት፣ የተለወጠው መዝገቡ ነው።

ጂዳ የነበርኩት፦ እኔ «እቤቷ ነበረች» የምትለዋ ቃል ናት ያንገበገበችኝ። በዚያ ቆጠራ ብሪታንያ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የቤት ሠራተኛ ነበር፣ አብዛኛው ሴት። ቤት ውስጥ ነበሩ፣ አዎ። በሰው ቤት! ከሰል አመድ ጠርገው፣ ውሃ ተሸክመው፣ ፎቅ ወጥተው ወርደው። እኔም ስድስት ዓመት በሰው ቤት ነበርኩ። ጠላቴም አይየው፣ ማታ ጉልበቴን በሁለት እጄ ደግፌ ነበር የምተኛው። ጉልበት ሲባል ይሄስ አይቆጠርም?

የድሮው ሰው፦ አይዞሽ ልጄ፣ አንቺን አልነካሁም። እኔ የምለው ስለ ደንቡ ነው። በልማድ ቤት የሴት ነው፣ ያም ክብር ነው።

የሽሮሜዳው ልጅ፦ እናቴ የፈተለችውን አባቴ ሸምኖ ሲሸጥ «የኔ ሥራ» ነው የሚለው። የእሷ እገዛ ነው የሚባለው። እኔም እንደዛው ስል ነው ያደግኩት።

የድሮው ሰው፦ አባትህን እዚህ ምን አመጣው? እሱ ነው ያሳደገህ!

የሽሮሜዳው ልጅ፦ ሁለቱም ናቸው ያሳደጉኝ።

ማንቸስተር ያለሁት፦ ኧረ ወደ ፕሬስተን እንመለስ። በ1853 ሠራተኞቹ ከደሞዛቸው የተቆረጠባቸው 10 በመቶ እንዲመለስ ሲጠይቁ ባለ ፋብሪካዎቹ በሩን ዘጉ። እስከ ሜይ 1854 ድረስ ተራቡ። ሴቶቹም አብረው ነበሩ።

የድሮው ሰው፦ አብረው ቢሆኑም ሦስቱ አራተኛ ሚስቶች እቤት ነበሩ። የራሳችሁ ቁጥር ነው።

ፈታይዋ፦ እቤት ምን ሲያደርጉ? እሱን ይመልሱልኝ። ደባል ሲያሳድሩ፣ የሰው ልብስ ሲያጥቡ፣ የጎረቤት ልጅ ሲይዙ…

የድሮው ሰው፦ ነገ እመለስበታለሁ። አሁን መሸ።