ጀጎል ያለው የአያቴ ቤት ሳይፈርስ የሚረዳን ማን ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከአያቴ የወረስነው ጌ ጋር (ባህላዊ የሐረሪ ቤት) አለን። ነደባውም (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ቀዩ የአፈር ቀለሙም እስካሁን አለ።

ችግሩ የኋላው ግድግዳ ነው። ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ግን ከዓመታት በፊት ላዩን በሲሚንቶ ተለስኗል። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ስለያዘ ውስጡ ያለው ጭቃ እየተፈረፈረ ነው። ልስኑ አብጧል፣ በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ከላዩ ያለው የጣሪያ እንጨትም ጫፉ በስብሶ ቢላ ያስገባል።

ግንበኛው «አፍርሱትና በብሎኬት ይሠራ» ይላል። እኔ ግን ሆዴ እሺ አላለም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው እኮ በነዚህ ቤቶች ጭምር ነው!

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ፈቃድ ይፈልጋል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን ደግሞ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል። የጠየቅኩት ቢሮ ግን «በጀት የለም» ብሎ መለሰኝ።

እባካችሁ፣ ይህን ድጋፍ ያገኘ ካለ ማመልከቻው ላይ ምን እንዳያያዘ ይንገረኝ። ፎቶ ይበቃል ወይስ የባለሙያ ግምት ያስፈልጋል? የጭቃና የእንጨት ሥራ የሚያውቅ የድሮ ግንበኛስ ትጠቁሙኛላችሁ? ከሁሉም በፊት ግን ፈቃዱ እስኪመጣ ጣሪያውን በምን ላስደግፈው? ክረምቱ እየገባ ነው።