ጥቆማ፦ ሐዋሳ ውስጥ ለፀሐይ መከላከያ ተብለው ስለሚሸጡ የዕፅዋት ቅባቶች

ፊትን ከፀሐይ ለመጠበቅ የትኛው የዕፅዋት ቅባት እንደሚሻል ለጠየቃችሁ፣ ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከመድኃኒት ቤት ኤስፒኤፍ (ቅባቱ ቆዳ በፀሐይ እንዳይቃጠል የመከላከል አቅሙን የሚያሳይ ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትንና ዩቪኤ የተባለውን ቆዳ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ የፀሐይ ጨረርም እንደሚከላከል የሚገልጸውን ቅባት ግዙ፤ የዕፅዋቱ ዘይት ተራ ከዚያ በኋላ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝና ለምድር ወገብ የቀረበች ከተማ በመሆኗ አልትራቫዮሌት የተባለው ቆዳን የሚጎዳ የፀሐይ ጨረር ይበረታባታል፤ የሐይቁ ነፋስ ፊትን ቢያቀዘቅዝም የጨረሩን ኃይል አይቀንሰውም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሽፈራው ዘይት ነው። ከሽፈራው ፍሬ የሚጨመቀው ይህ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ኦሌይክ አሲድ የተባለ የቅባት ዓይነት ስለሆነ ደረቅ ቆዳን በደንብ ያለሰልሳል፤ እኔም ማታ ማታ ለመቀባት ከሌሎቹ ዘይቶች አስበልጬ እመርጠዋለሁ። ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ «ከፀሐይ ይከላከላል» ተብሎ ቢጻፍም የኤስፒኤፍ ቁጥር ከሌለው ለቀን ልትተማመኑበት አይገባም። የኮኮናትና የወይራ ዘይት እንኳ በላቦራቶሪ ሲለኩ የኤስፒኤፍ ቁጥራቸው ከ10 በታች ሆኖ ነው የተገኘው፤ ኤስፒኤፍ 30 ያለው ቅባት ግን በበቂ መጠን ከተቀባ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ይከላከላል።

ከዕፅዋት ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ነው። በውስጡ ያሉት ካቴኪን የተባሉ ውህዶች ጨረሩን እንደ ዣንጥላ የሚመልሱ ሳይሆኑ፣ ጨረሩ ቆዳ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚፈጥረውን ጉዳት የሚቀንሱ ናቸው፤ ስለዚህ ዚንክ ኦክሳይድ (ጨረሩን ራሱን የሚከላከል ማዕድን) ባለበት ቅባት ውስጥ ተቀላቅሎ ሲገኝ ጥሩ ረዳት ይሆናል። ስሙ ከይዘት ዝርዝሩ መጨረሻ፣ ከሽቶው በኋላ የተጻፈ ከሆነ ግን መጠኑ ለስም ያህል ሊሆን ስለሚችል ለእሱ ብላችሁ ተጨማሪ ዋጋ አትክፈሉ።

እሬት ፀሐይ የመታውን ቆዳ ለማብረድ እንጂ ለመከላከያ አይሆንም። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው እሬት ሁሉ ደግሞ ለመዋቢያ ከሚዘጋጀው ዝርያ ጋር አንድ አይደለም፤ ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽም ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል አጥባችሁ መሃሉን ብቻ ተጠቀሙ።

ሎሚን ወይም ጤና አዳምን ከዘይት ጋር ቀላቅሎ ፊት ላይ መቀባትን ግን ማንም ቢመክራችሁ እንዳትቀበሉ። ሁለቱም ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውህዶች ስላሏቸው የተቀባው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ እስኪቋጥር ሊቃጠል፣ ከዳነም በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

ማዲያት ያለባችሁ ሰዎች፣ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ማዲያትን ስለሚያባብስ፣ ብረት ኦክሳይድ ያለበትን ባለ ቀለም ቅባት ብትጠይቁ ይሻላል፤ ካልተሻላችሁ የቆዳ ሐኪም ማየቱ አይቀርም። ባጃጅ ለምታሽከረክሩና አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ለምትውሉ ደግሞ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ ከማንኛውም ቅባት ይቀድማል። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣቶች ርዝመት ልክ የተጨመቀ ቅባት ያስፈልጋል፤ በየሁለት ሰዓቱና ካላባችሁ በኋላም መድገም አለባችሁ፤ ስለሆነም በቁጠባ ከሚቀባ ውድ ዕቃ ይልቅ ሳትሳሱ የምትቀቡት ርካሽ ይሻላል። ስትገዙ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን እዩ፣ ሙቀት ቅባቱን ስለሚያበላሸውም በሱቅ መስኮት ፀሐይ ላይ ከተደረደረው ሳይሆን ከውስጥ መደርደሪያ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።