የ1997ቱ የቱር ደ ፍራንስ ድል ከያን ኡልሪሽ ይነጠቅ?

አወያይ፦ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በምሥራቅ ጀርመኗ ሮስቶክ የተወለደው ያን ኡልሪሽ በ1997 የፈረንሳዩን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጀርመናዊ ሲሆን፣ በ2023 መጨረሻ አበረታች ቅመም ይጠቀም እንደነበር በይፋ አምኗል። ድሉ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ?

ዳገት ወዳድ፦ ይሰረዝ ባይ ነኝ። የአሜሪካዊው ብስክሌተኛ የላንስ አርምስትሮንግ 7 የቱር ድሎች በአበረታች ቅመም ምክንያት በ2012 ተሰርዘዋል። በዚያው ዓመት የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ኡልሪሽን ከስፔናዊው ሐኪም ከፉኤንቴስ ጋር በነበረው ግንኙነት ጥፋተኛ ብሎ ከግንቦት 2005 ወዲህ ያገኛቸውን ውጤቶች ሲሰርዝበት፣ በ2005 ሦስተኛ የወጣበት ቱርም አብሮ ሄዷል። ጥፋቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የ2005ቱ ተፍቆ የ1997ቱ የሚተርፍበትን ምክንያት አላየሁም።

መዝገብ አገላባጭ፦ ምክንያቱ ይርጋ ነው። የፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግ ቀድሞ 8 ዓመት፣ ከ2015 ወዲህ 10 ዓመት ወደ ኋላ እንዲኬድ ይፈቅዳል፤ የ1997ቱ ጉዳይ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። ደግሞስ ድሉ ለማን ይሰጣል? ሁለተኛ የወጣው ቪራንክ በቡድኑ በፌስቲና የቅመም ችሎት በ2000 ቅመም መውሰዱን አምኗል፤ ሦስተኛው ፓንታኒ ደግሞ በ1999 የኢጣሊያን ዙር ሊያሸንፍ ተቃርቦ ሳለ በደም ምርመራ ውጤት ከውድድሩ ወጥቷል። የ1996ቱ አሸናፊና የኡልሪሽ የቡድን አጋር ሪስም በ2007 አምኖ ስሙ ዛሬም በመዝገቡ ላይ አለ።

ዳገት ወዳድ፦ ለማንም አይሰጥ! የአርምስትሮንግ ዓመታትም ባዶ ናቸው። የይርጋውን ነገር ግን እቀበልዎታለሁ፤ ቢሆንም አርምስትሮንግ ማስረጃ ደብቋል ተብሎ ይርጋው ተነሥቶበት እስከ 1998 ድረስ ወደ ኋላ ተሂዶበታል። ኡልሪሽስ ለዓመታት ሲክድ አልነበረም?

መዝገብ አገላባጭ፦ ክዷል፤ ይህን አላስተባብልም። ነገር ግን በ1997 አንዶራ ውስጥ ወደ አርካሊስ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ የጀርመን ሻምፒዮን ማሊያ ለብሶ ወደ ቡድኑ መኪና ጠጋ ብሎ ተነጥሎ ለመውጣት ፈቃድ ከጠየቀ በኋላ ቪራንክንና ፓንታኒን በ1 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሲቀድማቸው፣ የደም ቀይ ሕዋስን ለሚያበዛው ኢፒኦ ለተባለው ቅመም የሚሆን አስተማማኝ ምርመራ ገና አልነበረም። የዓለም ብስክሌት ማኅበር በዚያ ዓመት ያበጀው ገደብ በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋስ ድርሻው ከ50 በመቶ ያለፈ ተወዳዳሪ ለጊዜው እንዲያርፍ ከማድረግ ያለፈ አልነበረም፤ ይህም በእኔ ግምት ከክልከላ ይልቅ ጣሪያ ማበጀት ነው።

ሦስተኛ ተሳታፊ፦ ሁለታችሁም ብስክሌተኛውን ብቻ ይዛችሁ ቀርታችኋል። የኡልሪሽን ቡድን ቴሌኮምን ያክሙ የነበሩ ሁለት የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ሐኪሞች በ2007 ለተወዳዳሪዎች ቅመም በማቅረብ ተሳትፈው እንደነበር አምነዋል። የአሸናፊነት ማሊያው ከኡልሪሽ ይወሰድ ከተባለ፣ ቡድኑ በዚያ ድል ያገኘው የማስታወቂያ ጥቅምስ ከማን ይጠየቃል?

ዳገት ወዳድ፦ ቡድኑም ይጠየቅ፤ አልከለከልኩም። የእኔ ጥያቄ ግን የመዝገቡ ነው፤ ቢያንስ ከስሙ ጎን ያመነበት ዓመት ይጻፍ።